በጓዳ የተሠራችው አሉሚኒየም ቆራጭ

ደብረ ማርቆስ ከታላቅ እኅቴ ቤት በገባሁ ቁጥር የሚቀበለኝ የቡና ወይም የተነጠረ ቅቤ ሽታ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ባለፈው ጊዜ ስሄድ ግን የተቀበለኝ የላምባ ሽታና ከጓዳ በኩል የሚመጣ፣ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ ድምፅ የመሰለ ጩኸት ነው። «እታለም፣ ምንድን ነው ይሄ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «የልጅሽ ሥራ ነዋ! ግቢና እይው። እኔስ ጓዳዬን ከተቀማሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለችኝ።

ገባሁ። ከጤፉ ማዳበሪያ ጎን፣ ቀድሞ የጠላ ጋን ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ፣ ከእንጀራ ምጣድ ብዙ የማትሰፋ የብረት መኪና ቆማለች። በላይዋ እንደ በር መቃን የተሠራ ድልድይ ግራና ቀኝ ይመላለሳል። ከድልድዩ ላይ የተንጠለጠለው ትንሽ ሞተር ከጣት የቀጠነ ስለት ያሽከረክራል። ስለቱ ዝርግ አሉሚኒየሙን ጥቂት ጥቂት እየላጠ፣ ማንም ሳይነካው፣ ክቡን ክብ፣ ቀጥታውን ቀጥታ አድርጎ ይሄዳል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእኅቴ ልጅ መነጽር አድርጋ፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠምጥማ፣ ዓይኗን ከስለቱ ላይ ሳትነቅል «አክስቴ፣ አትጠጊ፤ ይፈናጠራል!» አለችኝ። ሰላምታዋ ይኸው ነበር።

መኪናዋ በፈረንጆቹ አጠራር ሲኤንሲ ትባላለች። በአጭሩ በቁጥር የምትታዘዝ የመቅረጫ መኪና ማለት ናት። በትልልቅ ፋብሪካዎች ያሉት ዓይነቶቿ ቤት የሚያህሉ ናቸው። ይህችኛዋ ግን በተማሪዎችና በእጅ ሥራ ወዳዶች በየቤቱ የምትገጣጠመዋ ታናሽቱ ናት። ለመሆኑ የአንዲት ተማሪ ጓዳ ውስጥ ምን ልትሠራ ገባች?

ነገሩ የተጀመረው በትምህርት ቤት የሮቦት ክበብ ነው። ልጆቹ በአራት ጎማ የሚሄድ፣ ዕቃ አንሥቶ የሚያስቀምጥ ሮቦት ለመሥራት ተነሡ። ለሮቦቱ ግራና ቀኝ ጎን ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ የአሉሚኒየም ዝርጎች ያስፈልጉ ነበር። አሉሚኒየም የተመረጠው ክብደቱ የብረትን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ዝገትም ስለማይበላው ነው። ዕቃውም በከተማው አልጠፋም። በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች በየቀኑ ቁርጥራጭ ይጥላሉ። ችግሩ መቁረጡ ላይ ነበር። በሰጌቶ ቆረጡ፣ በሞረድ ሞረዱ፣ በእጅ መሰርሰሪያ በሱ። ሁለቱን ዝርግ ሲያነባብሯቸው ቀዳዳዎቹ በግማሽ ሚሊ ሜትር ተሳሳቱ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለእኔና ለእርስዎ ምንም አይደለም፤ ቀሚስ ስንሰፋ ከዚያ አሥር እጥፍ እንስታለን፤ ይቃናልም። ዘንግ ግን በጠማማ ቀዳዳ አያልፍም። ካለፈም ኩሽኔታው ይጨነቃል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ሮቦቱ ወደ አንድ ጎን እየጎተተ ይሄዳል። ልጆቹ ሦስት ጊዜ ቆርጠው ሦስት ጊዜ ጣሉት።

ወደ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሄደው ነበር። ባለቤቱ ዋጋውን ከነገራቸው በኋላ የእኅቴን ልጅ አይቶ «አንቺ ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ቡና የሚያፈላ ሮቦት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀባት። እኔ ይህን ስሰማ ተናደድሁ። እሷ ግን ቂሟን በሌላ መንገድ ነው የተወጣችው። «መኪናዋን ራሳችን ብንሠራትስ?» ብላ ለጓደኞቿ ያቀረበችው ያን ዕለት ማታ ነው።

እዚህ ላይ አያትየዋ ገቡበት። እናታችን ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ፣ ጾምና ጸሎታቸውን የሚያዘወትሩ፣ ፍቅራቸው የበዛ ሴት ናቸው። ነገር ግን ብረት የመቀጥቀጥ ነገር ሲነሣ ፊታቸው ይለወጣል። «ልጅቷን ቀጥቃጭ ልታደርጓት ነው ወይ?» አሉ። ይህን ቃል የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ማረሻውንና ማጭዱን የሠራልን፣ ሸማውን የሸመነልን፣ ድስቱን የሠራልን ሰው «ቡዳ» ተብሎ ሲሸሽ የኖረበት አገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ የእጅ ባለሙያን መስደብ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንድ ቤት ጓዳ ገና አልወጣም። እማማን ያሸነፋቸው ክርክር አይደለም። የልጅ ልጃቸው የተሰበረውን የብረት ድስታቸውን ጆሮ በአሉሚኒየም ሠርታ ባመጣችላቸው ቀን «ይህስ ደህና ሥራ ነው» ብለው ዝም አሉ። ስለ ቀጥቃጭነት ግን እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልመለሱም።

ገንዘቡ የመጣው ከእኅቴ ዕቁብ ነው። ዕጣው የደረሳት ከክረምት በፊት ሲሆን ያሰበችው የኩሽናውን ጣራ ለማስቀየር ነበር። ጣራው ያፈሳል። ከዚያ ላይ ደግሞ ልጅቷ ብሔራዊ ፈተና ይጠብቃታል። አንባብያን እንደምታስታውሱት፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነ። በዚህ ቁጥር ፊት የቆመች እናት ልጇ በጓዳ ብረት ስትሞርድ ስታይ ምን ይሰማታል? እኅቴ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ እንደ ነበር አጫውታኛለች። በመጨረሻ «ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ደብተር፤ መኪናው ቅዳሜና እሑድ ብቻ» ብላ ተስማማች። ጣራውን ለዘንድሮ ክረምትም በላስቲክ ሸፈነችው። ትክክል ሠርታለች ወይ ብትሉኝ፣ እኔ እሷን ብሆን ኖሮ ይህን ያህል ድፍረት የሚኖረኝ አይመስለኝም።

የመጀመሪያዋ መኪና ከኮምፔንሳቶ ተሠራች። እንጨት ይቀላል፣ በእጅም ይቆረጣል። በግንቦት አንድ ፕላስቲክና አንድ ጣውላ በደንብ ቀረጸች። ክረምት ሲገባ ግን ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ማርቆስ፣ እንደምታውቋት፣ ዝናቡን ከጮቄ ተራራ ጋር ተካፍላ ነው የምትጠጣው። ኮምፔንሳቶው እርጥበቱን ጠጥቶ አበጠ። ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረው ድልድይ መሐል ላይ መነከስ ጀመረ። አሉሚኒየም ሲያቀርቡላት ደግሞ ጭራሹን ተንቀጠቀጠች፤ ስለቱ ከመቁረጥ ይልቅ እየዘለለ ይቧጭረው ጀመር። የሦስት ወር ድካም ነበር። ልጅቷ ያን ቅዳሜ ስታለቅስ መዋሏን እናቷ ናት የነገረችኝ።

ከስሕተቱ የተማሩት ዋና ነገር ይህ ነው፤ እንዲህ ዓይነቷን መኪና ለመሥራት ብዙ ሰው ገንዘቡን በሞተሩና በኤሌክትሮኒክሱ ላይ ያፈሳል፤ አሉሚኒየምን የሚቆርጠው ግን ከሁሉ በፊት ግትርነት ነው። አካሏ ከተወዛወዘ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ ሥራው አያምርም። ስለዚህ ሁለተኛዋን ከቱቦላሬ አስበየዱ። አንድ ደግ በያጅ አራቱን ማዕዘን በእኩል ለክቶ፣ እንዳይጣመም ጥቂት በዚህ ጥቂት በዚያ እያፈራረቀ በየደላቸው። ባዶ ብረት ሲነካ እንደ ደወል ስለሚጮኽ፣ ንቅናቄውን እንዲውጠው ቱቦላሬውን በደረቅ አሸዋ ሞሉት። አሸዋውን በምጣድ ያደረቁት እማማ ናቸው!

አሁን ወደ አሠራሯ ልግባ፤ የሚያስፈራ ነገር የለበትም። ጥልፍ ቆጥራ የጠለፈች ሴት ሁሉ ይህን መኪና ታውቃታለች ማለት እችላለሁ። ጥልፍ ስንጠልፍ «ሦስት ክር ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ላይ» እያልን እንቆጥራለን እንጂ መስቀሉን በዓይናችን ገምተን አናወጣውም። መኪናዋም እንዲሁ ናት። ሦስት ሞተሮች አሏት፤ አንዱ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ፊትና ኋላ፣ አንዱ ላይና ታች ይነዳል። እነዚህ ሞተሮች እንደ ውኃ መሳቢያ ሞተር ዝም ብለው አይሽከረከሩም፤ ደረጃ በደረጃ ይራመዳሉ። አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይወስዳሉ። መቆጣጠሪያው እያንዳንዱን እርምጃ በ8 ሲከፍለው 1600 ይሆናል። ሞተሩ የሚያዞረው ጥርስ ያለው ዘንግ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ይገፋል። 1600ን ለ5 ስናካፍል 320 እናገኛለን። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት ለዚህች መኪና 320 እርምጃ ነው! የእኅቴ ልጅ ይህን ስሌት በጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል ጽፋዋለች፤ እናቷም እንዳይጠፋባት ግድግዳውን ሳትቀባ ትታዋለች።

ጥልፍን ያነሣሁት ለማስዋብ ብቻ አይደለም። የዚህ ሁሉ ጥንተ ነገር ሽመና ነው። ዣካር የሚባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1804 ሊዮን ከተማ ላይ የሐር ጨርቅ ንድፍን በተበሳ ካርድ የሚያነብ የሽመና መኪና ሠራ። ከ140 ዓመት በላይ ቆይቶ ጆን ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ የሄሊኮፕተርን ክንፍ ቅርጽ በቁጥር ነጥቦች አስልቶ ለመቅረጽ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በተበሳ ጥብጣብ የምትታዘዘው የመጀመሪያዋ መቅረጫ ለሕዝብ ታየች። ያን ጊዜ የአየር ኃይል ገንዘብ የጠየቀው ነገር ዛሬ በመዳፍ በምትያዝ ሰሌዳ ይሠራል። አርዱዊኖ የተባለችው ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን አገር ለተማሪዎች ተብላ የተሠራች ናት። በላይዋ የሚጫነውን የትእዛዝ መጽሐፍ ደግሞ አንድ ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ2009 ጀምሮ ለዓለም በነፃ ለቀቀው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ወቅት ይህ ፕሮግራም ወደ እኅቴ ቤት የገባው በፍላሽ፣ በአንድ ዘመድ ኪስ ተይዞ ነው።

የመጀመሪያው ክብ ቀዳዳ እንቁላል ሆኖ ወጣ። ልጆቹ ስሌቱን ቢያዩት ትክክል ነው። ሁለት ቀን ፈልገው ያገኙት ከአንዱ ዘንግ ላይ የላላ ዳዶ ነበር። ሞተሩ አቅጣጫ ሲቀይር ዳዶው ጥቂት እስኪነክስ ድረስ ዘንጉ ባዶውን ይዞር ስለ ነበር ክቡ በአንድ ጎን ተጨፈለቀ። ዳዶውን አጠበቁት፤ ቀዳዳውም ተቃና።

ከዚያ ስለቱ ተበላሸ፤ የዚህኛውን ምክንያት ግን ከመምህራቸው ቀድማ የገለጠችላቸው እኅቴ ናት። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለ ሆነ ሲግል ከስለቱ ጥርስ ላይ ይጣበቃል፤ የተጣበቀው ሌላውን ይስባል፤ በመጨረሻ ስለቱ ጥርስ የሌለው እንጨት ይሆንና ይሰበራል። እኅቴ የተሰበረውን አይታ «ያልተሟሸ ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ ይመስላል» አለች። እውነቷን ነው። ምጣዱ ጎመን ዘር እንደሚሻ ሁሉ ስለቱም ቅባት ይሻል። በብሩሽ ጠብ ጠብ የሚደረግ ላምባ ለአሉሚኒየም ከጥንት የታወቀ ማለስለሻ ነው። ከዚህም ሌላ ጥርሱ የበዛ ስለት ትተው ባለ አንድ ጥርስ ያዙ፤ አንድ ጥርስ ብቻ ሲሆን ፍርፋሪው መውጫ ያገኛል። ጥልቀቱንም አሳነሱት። ሦስት ሚሊ ሜትሩን ዝርግ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር እየላጡ በ15 ዙር ይጨርሱታል። ያስረዝማል፤ ግን ይወጣል።

ላምባ ካልሁ አይቀር ለእናቶች የምለው አለኝ። ላምባና የከሰል ምድጃ በአንድ ጓዳ አይኖሩም። እኅቴ ምድጃዋን ወደ ውጭ ያወጣችው ለዚህ ነው፤ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋም ከበሩ ሥር አይጠፋም። የሚፈናጠረው ፍርፋሪ እንደ ምላጭ ነው፤ ያለ መነጽር ማንም አይቀርብም። ነጠላ፣ የተፈታ ጸጉር፣ የአንገት ጌጥ፣ ረጅም እጅጌ ሁሉ ስለቱ የሚጠመጥማቸው ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ጓንት ማድረግ ክልክል መሆኑን ነው፤ በሚሽከረከር ስለት አጠገብ ጓንት እጅን ከማዳን ይልቅ ይዞ ይጎትታል። ፍርፋሪውን በብሩሽ ይጠርጉት እንጂ በአፍ አይንፉት። አሉሚኒየም በማግኔት ስለማይሳብ እንደ መርፌ ፈልገው አያገኙትም። በቤቱ የሚድኸ ሕፃን ካለ መኪናዋ ሌላ ቤት ትፈለግላት።

ሌላው ጠላት የመብራት መቋረጥ ነው። እነዚህ ሞተሮች የት እንደ ደረሱ የሚያስታውሱት እርምጃቸውን በመቁጠር ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ቁጥሩ ይጠፋል። መብራቱ ሲመለስ መኪናዋ በመሐል መንገድ ላይ ቆማ «እዚህ ነው የጀመርሁት» ትላለች፤ በዚያ ላይ ብትቀጥል ሥራውም ስለቱም ይበላሻል። ስለዚህ በሦስቱም አቅጣጫ ጫፍ ላይ ትንንሽ ማብሪያዎች አስገቡ፤ ድልድዩ ሄዶ ሲነካቸው መኪናዋ ቤቷን ታገኛለች። የዝርጉ መነሻ ነጥብ ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ ደግሞ በደብተር ይጻፋል። ከየትኛውም የሒሳብ ትምህርት ይልቅ ልጅቷን መመዝገብ ያስተማራት ይህ ይመስለኛል።

ሁለቱ ዝርጎች የተጠናቀቁት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እኔም ደርሼበታለሁ። አነባበሯቸውና የእኅቴ ልጅ ቡሎኑን በቀዳዳው ላይ አስቀመጠችው። ማንም ሳይገፋው በራሱ ክብደት ቁልቁል ወረደ። ስምንቱም ቀዳዳ እንዲሁ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ዝም ብለው ቡሎኑን ነበር የሚያዩት።

ስለ ክበቡ አንድ ያልወደድሁትን ልናገር። መጀመሪያ ሥራ ሲከፋፈል ወንዶቹ ሞተርና ሽቦ ተሰጣቸው፤ ሴቶቹ ቃለ ጉባኤ እንዲጽፉና ሮቦቱን ቀለም እንዲቀቡ ተመደቡ። ክፉ አስቦ ያደረገው ሰው የለም፤ ልማድ ነው። መኪናዋ ወደ አንዲት ልጅ ጓዳ ባትገባ ኖሮ ግን እስከ ዛሬም ቃለ ጉባኤ ትጽፍ ነበር። አርአያ ጠፍቶ አይደለም። በሐረር የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ በልጅነቷ ኮምፒዩተር ማዘዝ ጀምራ፣ በኋላም በአዲስ አበባ ሌሎች ልጆችን አስተምራለች። ከአፍጋኒስታን ሄራት ከተማ የተነሡ ስድስት ልጃገረዶችም እ.ኤ.አ. በ2017 ዋሽንግተን ላይ ከ150 በላይ አገሮች ወደ ተካፈሉበት የተማሪዎች ሮቦት ውድድር ለመሄድ ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከልክለው በሦስተኛው ደርሰዋል፤ ስለ ጽናታቸውም የብር ሜዳልያ ተሸልመዋል። ሮቦቷ ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏን ክፍሎች የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ላይ ጠፍቶ ነበር። የጎደለውን እዚያው ቆርጦ መተካት የሚችል እጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ያሰበ ሰው ነበር ይሆን?

መኪናዋን ሌሎች ልጆችም ያውቋታል አሁን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌላ ትምህርት ቤት ሳይቀር ወረቀት ላይ የተሣለ ነገር ይዘው ይመጣሉ። የእኅቴ ልጅ ገንዘብ አትጠይቅም፤ አንድ ብቻ ሕግ አላት። ሥዕሉን ያመጣ ልጅ ራሱ ቁጥሩን ያሰላል፣ ራሱም መኪናዋ ሠርታ እስክትጨርስ አጠገቧ ይቆማል። ሴት ልጅ ከመጣች ደግሞ ማስነሻውን የምትጫነው እሷ ናት።

ለመመለስ በተነሣሁበት ማለዳ እኅቴ የማንቆርቆሪያዋን ክዳን ይዛ መጣች፤ መያዣው ወልቋል። «ይቺን ትችያታለሽ?» አለቻት። ልጅቷ በካሊበር ለካችና ቁጥሩን በደብተር ጻፈች። «እችላታለሁ፤ ግን የፊዚክስ ልምምድ አለብኝ፤ ቅዳሜ» አለች። እናቷ ሳቀች። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ እኔም ሻንጣዬን አንሥቼ ወደ መናኸሪያ ሄድሁ።